አሮጌው ኮምፒዩተሬ ሽማግሌ የሄደበት እሁድ

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ ታሪኩ አይገባችሁምና ከዚያው ልጀምር። አብነት ውስጥ፣ ከሀጂ ሸምሱ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሥራዬ የሳይበር ደህንነት ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው "እሺ!" ይልና ቀጥሎ የሚጠይቀው ይጠፋዋል። ባጭሩ አንድ የግል ድርጅት ቀጥሮኝ ኮምፒዩተሮቹን ከሌባ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ከአለቆቼ ፈቃድ ተቀብዬ ራሴ እንደ ሌባ ሆኜ ሰብሬ ለመግባት እሞክራለሁ። የገባሁበትን ቀዳዳ አሳያቸዋለሁ፣ እነሱም ይደፍኑታል። ተረኛ በሆንኩበት ሳምንት ስልኬ አይዘጋም። ለቅሶ ቤትም ልሁን ፀጉር ቤት፣ ከተደወለ አነሳለሁ።

ከሥራ ስወጣ የማደርገውን ግን ለሰው አልናገርም ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር አለኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ፣ ከተበላሹ ቴፖች ሥር አቧራ ለብሶ አግኝቼ የገዛሁት ነው። ኪቦርዱ ራሱ ነው ኮምፒዩተሩ። ከቴሌቪዥን ጋር በገመድ ይገናኛል፣ ፕሮግራሙን የሚያነበው ደግሞ ከካሴት ነው። አዎ፣ ያው ድሮ ዘፈን ከምንሰማበት ካሴት። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ እሱ ላይ አትገባም፣ ሞልታ ትፈሳለች። እኔ ለዚህ ጉድ ፕሮግራም እጽፍለታለሁ።

"ለምን?" ለሚለኝ ሰው ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ትንሽ አለኝ። የቢሮው ሲስተም ሰፊ ነው፣ ማንም ሰው ከዳር እስከ ዳር አያውቀውም። ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ቦታ ላይ የማላውቀው ሰው እንዳይገባ ስሰጋ ነው የምውለው። ይሄኛውን ግን ጓዳ ጎድጓዳውን አውቀዋለሁ። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ስለሌለውም ማንም አይገባበትም። ፊቱ ስቀመጥ ትከሻዬ ይወርዳል።

በዚያን ሰሞን ዳማ አስተምሬው ነበር። የሰፈራችንን ዳማ፣ በጠርሙስ ቆርኪ የምንጫወተውን። ስክሪኑ ላይ እንኳ የአንዱ ወገን ቆርኪ ቀና፣ የሌላው ግልብጥ ሆኖ ይታያል። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ጨዋታውን ለማጨቅ ወራት ፈጅቶብኛል። ሲያልቅ ታዲያ ማሽኑ ጎበዝ ሆነና ይደቁሰኝ ጀመር። በየጊዜው ቶሎ ስለሚያሸንፈኝ የጨዋታውን መጨረሻ መፈተሽ አቃተኝ። ስለዚህ አንድ ድብቅ ቁልፍ አበጀሁለት። ዜሮን ከተጫንኩ ማሽኑ ይደነዝዛል፣ ቆርኪዎቹን በነፃ እያስበላ ይሸነፋል። ይህችን ቁልፍ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፍቅረኛዬ ማህሌት። እሷም ብትሆን ያወቀችው አንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፋ ልትወረውረው ስትል አዝኜላት ነው።

ማህሌት ፋርማሲስት ናት። ወላጆቿ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለብዙ ዓመታት የኖሩ ናቸው። አባቷ ጋሽ አበራ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ዝምታቸው ከቁጣ የሚያስፈራ ሰው ናቸው። ለመጋባት ተስማማን። እኔም ሰው ልሆን ነውና ማሽኑን ልሸጠው ወሰንኩ። ከየት እንደሰማ እንጃ፣ አለቃዬ በስብሰባ መሃል "እኩዮችህ ሰርተፊኬት ይሰበስባሉ፣ አንተ ሙዚየም ትከፍታለህ" ብሎ ሰው አስቆብኝ ስለነበር ነገሩ አንገብግቦኛል። ሚስትም፣ የሥራ ጥሪም፣ የሞተ ኮምፒዩተርም አንድ ላይ አይሆኑም ብዬ ደመደምኩ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ አለበት። ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። መሪው አጎቴ ጋሽ ደምሴ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ድምፁ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ። ሁለተኛው አከራዬ ሀጂ ሸምሱ ናቸው። ሦስተኛው የዕድራችን ሰብሳቢ ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ"ልክ ነው" በቀር ምንም ስላልተናገሩ ከዚህ በኋላ አላነሳቸውም።

ቅዳሜ ዕለት አጎቴን አስቀምጬ አስጠናሁት።

"ሥራው ምንድነው ካሉህ፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደህንነት ባለሙያ ነው በል።"

"ረጅም ነው" አለኝ።

"አጋሽዬ፣ እንዳለ በለው።"

"ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንተ ዝም በል።"

እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው መንገድ ጀመሩ። በደንቡ ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ ከቤታቸው ትንሽ ራቅ ብላ ባለች ቁርስ ቤት ተቀምጬ ሻይ አዘዝኩ። ማህሌት ጓዳ ሆና የሚባለውን እየሰማች በስልክ ልትጽፍልኝ ተስማምተናል። ያን ሳምንት ተረኛም ስለነበርኩ የቢሮው ስልክ በሌላው ኪሴ ነበር።

የመጀመሪያው መልእክት መጣ። "ገቡ። አባዬ ፈገግ ብሏል።"

ሻዩ ጣፈጠኝ።

ሁለተኛው፣ "አጎትህ ስለ ዘር ማንዘርህ እያወራ ነው። አላለቀም።"

ሦስተኛው ዘገየ። ሲመጣ እንዲህ ይላል፤ "ዮናስ፣ አጎትህ 'ልጃችን ደህንነት ነው' አለ።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር አንድ ሰው "ደህንነት ነው" ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ከዚያ በኋላ መልእክቶቹ ይጎርፉ ጀመር።

"አባዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋ።"

"መስኮቱንም ዘጋ።"

"'እኔ በምንም ነገር ውስጥ የለሁበትም' እያለ ነው።"

"እማዬ ልጁ የተላከው ለስለላ ነው ወይ ብላ እየጠየቀችኝ ነው።"

በኋላ አጎቴ፣ ሀጂና ማህሌት እየተጣሉም ቢሆን ስለነገሩኝ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ጋሽ አበራ ክፉኛ ሲደነግጡ ያዩት ሀጂ ሸምሱ ነገሩን ሊያበርዱ ጣልቃ ገቡ።

"ኧረ አቶ አበራ፣ የመንግሥት አይደለም! የኮምፒዩተር ነው። እነዚህ ወጣቶች ሃከር የሚሉት ነው።"

ሀጂ ሸምሱ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ከሁለት ወር በፊት የጋሽ አበራ ቴሌግራም ተጠልፎ ነበር። ጠላፊው በእሳቸው ስምና ፎቶ፣ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ስለ ወንድነት ብርታት መድኃኒት የሚናገር ማስታወቂያ በትኗል። ለማኅበርተኞቻቸው ደርሷል። ለቀድሞ ፀሐፊያቸው ደርሷል። ለንስሐ አባታቸውም ደርሷል። እኒህ ዝምተኛ ሰው ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት በጀርባ በር ነው።

"ሃከር?" አሉ ብድግ ብለው። "ሃከር ነው ልጄን የጠየቀኝ?"

"ቢሰርቅም እኮ ዝም ብሎ አይደለም!" አለ አጎቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "በፈቃድ ነው!"

"ፈቃድ ያለው ሌባ ነው የምትሉኝ?"

"ማስረጃ አለው!"

ማህሌት የጻፈችልኝ አንድ ቃል ነበር፤ "አለቀልን።"

ቁርስ ቤቱ ውስጥ የተቀመጥኩበት ወንበር ጠበበኝ። ስልኬ ጮኸ፣ አጎቴ ነበር። ጆሮዬን ከስልኩ አራቅሁ።

"ና!" አለኝ።

"የት?"

"እዚህ! አባትየው ልጁን በዓይኔ ካላየሁ መልስ አልሰጥም ብለዋል። ያንን አሮጌ ዕቃህን ይዘህ ና!"

"የቱን ዕቃ?"

"ዳማ የሚጫወተውን! ሀጂ ነግረዋቸዋል!"

ለካ ሀጂ ሸምሱ ያጠፉትን ለማቃናት "ልጁ ክፉ ቢሆን ትርፍ ጊዜውን በዘመናዊ ኮምፒዩተር ሰው ሲጠልፍ ያጠፋ ነበር፤ እሱ ግን ቤቴ ቁጭ ብሎ አንድ ሽማግሌ ኮምፒዩተር ዳማ ያስተምራል" ብለው ኖሯል። ጋሽ አበራ ደግሞ፣ ይህን እኔ አላውቅም ነበር፣ በልደታ ዙሪያ በዳማ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ከቴሌግራሙ ውርደት በኋላ ከሰው ጋር መጫወት ትተው ቤት ውለዋል። "ኮምፒዩተር ዳማ?" ብለው ቀስ ብለው ተቀመጡ አሉ። "ያምጣውና እንየዋ።"

እየሮጥኩ አብነት ደረስኩ። ማሽኑንና ቴፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ጥቅልሉን አይቶ፣ "ብራዘር፣ ሕፃን ነው እንዴ? ፊቱን ግለጥለት፣ ይታፈናል" አለኝ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ "ወንድ ነው ሴት?" አሉኝ። ለማስረዳት አቅም ስላልነበረኝ "ወንድ" አልኳቸው። እስክወርድ ድረስ "እደግ በለው" እያሉ ብርድ ልብሱን ሲመርቁ ነበር።

ወደ ሳሎን ስገባ አምስት ሰው ያየኛል። ጋሽ አበራ ከነበሩበት አልተነሡም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"ደህንነቱ አንተ ነህ?"

"የኮምፒዩተር ደህንነት ነኝ ጋሼ።"

"የኔን ቴሌግራም ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም ጋሼ።"

"እንግዲያው አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው" አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙኝ። "ግጠመው።"

ገመዱን ሰካሁ። ካሴቱን ከትቼ ቴፑን ከፈትኩት። እንግዲህ ይሄ ማሽን ከካሴት ሲያነብ ዝም ብሎ አያነብም፤ ይጮኻል። ቀጭን፣ የሚፋጭ፣ ብረት በብረት ሲላጭ የሚመስል ጩኸት ነው፣ እሱም ደቂቃዎች ይፈጃል። የማህሌት እናት እትዬ አልማዝ ሦስት ጊዜ አማተቡና "ምን ሆኖ ነው?" አሉ።

"እያነበበ ነው እማማ።"

"ሲያነብ እንዲህ ከሆነ ሲቆጣ እንዴት ሊሆን ነው?"

ጋሽ አበራ ግን ጠጋ ብለው ዕቃውን ያገላብጡ ጀመር። "ኢንተርኔቱ በየት በኩል ነው?"

"ኢንተርኔት የለውም ጋሼ።"

"ቴሌግራምስ?"

"የለውም።"

"ጨዋ ነው" አሉ። ከገባሁ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነበር፣ የተነገረው ግን ለኮምፒዩተሩ ነው።

ዳማው ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጋሽ አበራ ቆርኪዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሚፈልጉትን በጣት እያሳዩኝ እኔ ቁልፍ እጫናለሁ። መጀመሪያ ላይ በዝምታ ነበር። ትንሽ ቆየና የሰፈር ዳማ አፋቸው ተመለሰ።

"ብላ እንጂ! ምን ታፈጣለህ?" ይሉታል ማሽኑን። "ፈራህ? አይዞህ፣ እኔም ልጅ ሆኜ እፈራ ነበር።"

ማሽኑ ያስብና አንድ ቆርኪ ይገፋል። አጎቴ "አሁን ተሳስቷል!" ይላል። ሀጂ ሸምሱ "ኧረ ወጥመድ ነው!" ይላሉ። እትዬ አልማዝ እንኳ መሀረባቸውን ጨብጠው ቆሙ። እኔ ግን ፕሮግራሙን ስለማውቀው ገብቶኛል፤ ማሽኑ እያሸነፈ ነበር። ጥቂት ጨዋታ ቀርቶታል፣ ከዚያ ጋሽ አበራ በሽማግሌዎች ፊት፣ ገዛ ሳሎናቸው ውስጥ፣ በአንድ ኪቦርድ ሊሸነፉ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለተኛ ውርደት፣ ሁለቱም በኮምፒዩተር።

በዚህ መሃል ማህሌት ሻይ ይዛ ገባች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ትሪውን ስታስቀምጥ ቅንድቧን ወደ ኪቦርዱ ጠቆመች። ዜሮ። ግልጽ ነው። አንዴ መንካት ነው።

ጣቴ ዜሮ ላይ አረፈ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ ቅጽበት ዛሬም ትደንቀኛለች። አንድ ብጫናት ጋሽ አበራ ያሸንፋሉ፣ ይስቃሉ፣ ይመርቁናል። ግን ጣቴ አልታዘዘኝም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ የማድነው እኮ ልክ እንዲህ ያለ ድብቅ በር ነው። ሰው ሳያውቅ በጓሮ ተገብቶ፣ ሁሉም ነገር እንደ ደህና የሚመስልበት። እኒህ ሰው አንዴ እንዲህ ተደርገዋል። አሁን ደግሞ እኔ፣ ልጃቸውን ልጠይቅ መጥቼ፣ ገዛ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ? ከዚያ ሌላ ደግሞ፣ እሱንም ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ በፕሮግራሜ ኩራት ነበረኝ። ወራት የለፋሁበት ልጅ እንደ ጅል ሲሆን በሰው ፊት ማየት አልፈለግሁም።

ጣቴን አነሳሁ። ማሽኑ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቆርኪዎች ባንድ ጉዞ በላና ስክሪኑ ላይ "ተበላህ" ብሎ ጻፈ። ይህን ቃል የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በደህናው ቀን፣ እየሳቅኩ።

አጎቴ ጣሪያውን ይመለከታል። ሀጂ ሸምሱ ከንፈራቸው ሳይሰማ ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልዩ ይመስለኛል። ማህሌት ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ታፈጥብኛለች።

ይሄኔ የቢሮ ስልኬ ጮኸ።

ተረኛ ነኝ፣ ማንሳት አለብኝ። ፈቃድ ጠይቄ አነሳሁ። በዕለቱ ቢሮ የገባው ብሩክ የሚባል ጀማሪ ልጅ ነበር።

"ዮኒ፣ አንድ ሰው በዋና ሥራ አስኪያጁ ስም ልገባ እያለ ነው! ከማናውቀው ቦታ፣ ከማናውቀው ኮምፒዩተር!"

"ዝጋበት።"

"በሥራ አስኪያጁ ስም እኮ ነው።"

"በማንም ስም ይሁን። እሱ መሆኑ እስኪረጋገጥ እንዳይገባ። ዝጋና ጻፍልኝ።"

ዘጋው። ስልኩን ወደ ኪሴ ሳልመልስ እንደገና ጮኸ። የሁሉ የበላይ የሆኑት፣ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ነበሩ። ለሥራ ውጭ አገር ሄደው የሆቴል ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠዋል።

"ማነው የዘጋብኝ?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"እኔ መሆኔን ታውቃለህ?"

"ድምፅዎን አውቃለሁ። ግን ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ ሲመዘገቡ የሰጡትን የምስጢር ጥያቄ መልስ ቢነግሩኝ..."

"ዮናስ! ከሥራ ነው የማባርርህ!"

"ሊያባርሩኝ ይችላሉ ጌታዬ። መልሱን ሳይነግሩኝ ግን አልከፍትም።"

ቀና ስል ሁሉም ያዩኛል። አጎቴ በእጁ "ክፈትለት! ክፈትለት!" ይለኛል። ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጥያቄውን መልስ ነገሩኝ። ጥያቄው በልጅነት የተጠሩበት የቤት ስም ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናንተም አልነግራችሁም። ሳቄን ውጬ ከፈትኩላቸው። ከመዝጋታቸው በፊት "ለመሆኑ የት ነህ?" አሉኝ።

"ሽማግሌ ልኬ፣ ልጅቷ ቤት ነኝ ጌታዬ።"

"ሽማግሌ የላከ ሰው ከሽማግሌው ጋር ምን ይሠራል?"

"ዳማ እየተጫወትን ነው።"

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ አበራ ጎንበስ ብለው ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደገፉ። "አለቃህ ናቸው?"

"የአለቃዬ አለቃ።"

"ቆለፍክባቸው?"

"ማንነታቸው እስኪረጋገጥ ነው ጋሼ። ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው ደንቡ።"

እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ አሳልፈዋል። ስንት አለቃ ደንብ እየጣሰ ሲያስፈርማቸው ኖሯል መሰለኝ፣ ዓይናቸው ውስጥ የሆነ ብርሃን አየሁ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "ታዲያ ይሄ ደህንነት ሳይሆን ዘበኛ ነው እኮ!" አሉ። "ለምን ዘበኛ ነው አትሉም ነበር?"

"እኔ እኮ..." አለ አጎቴ። ሀጂ ሸምሱ ጉልበቱን ያዝ አደረጉት።

ነገሩ ያኔ ባለቀ ጥሩ ነበር። ማህሌት ግን ንዴቷ አልበረደላትም።

"አባዬ" አለች ከቆመችበት። "አንድ ቁልፍ ቢነካልህ ኖሮ አንተ ነበርክ የምታሸንፈው። ማሽኑን የሚያደነዝዝ ቁልፍ አለው። ጠቆምኩት፣ እምቢ አለ!"

እትዬ አልማዝ "አንቺ!" አሉ። እኔ ደግሞ መሬት ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ጋሽ አበራ ቀስ ብለው ዞሩ። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው ጋሼ።"

"የቱ ነው?"

"ዜሮ።"

"ጣትህ እሱ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ። ለምን ተውከው?"

ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "እርስዎን እንዲህ ማድረግ ደስ አላለኝም" የሚል ነበር።

ወደ ኪቦርዱ ጠቆሙ። ከዚያ "አጥፋው" አሉኝ።

"ማሽኑን?"

"ቁልፉን! ሌላ ሰው እንዳይነካው። አሁኑኑ፣ እያየሁ።"

ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ ለትዳር በመጣሁበት ቤት ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ፕሮግራሙን ከፈትኩና ያቺን መስመር አጠፋሁ። ካሴት ላይ መልሼ ስቀዳው ያ ጩኸት ቤቱን እንደገና ሞላው። እትዬ አልማዝ አሁንም አማተቡ፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ።

"በል ጨምር" አሉ ጋሽ አበራ።

ተጫወቱ። ተሸነፉ። እንደገና ተጫወቱ፣ እንደገና ተሸነፉ። ምሳ ቀረበ፣ አንድ እጃቸው ከወጡ፣ አንድ ጣታቸው ከስክሪኑ ነበር። አጎቴ ጉሮሮውን እየጠረገ "እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ..." ሲል "ቆይ እስቲ" ይሉታል። አላነሳቸውም ያልኳችሁ ሦስተኛው ሽማግሌ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲነሱ፣ ጋሽ አበራ ሳይዞሩ መልሳቸውን ሰጡ።

"የዛሬ ሳምንት ኑ። ማሽኑ እዚሁ ይቆይ።"

ውጭ ስንወጣ አጎቴ "ይሄ እሺ ነው እምቢ?" አለኝ። ሀጂ ሸምሱ "መያዣ ነው" አሉ።

በማግስቱ ከሥራ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አበራ ነበሩ። "ማሽንህ አላነብም አለ።" የቴፑ ራስ ቆሽሾ ነበር፣ ሄጄ በጥጥ ጠረግኩላቸው። ማክሰኞ ገመዱ ተነቀለ፣ ሄድኩ። ረቡዕ ምንም አልተበላሸም፣ ግን "ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ" አሉኝ፤ ከማሽኑ ጋር አቻ ወጥተው ነበር። በጨዋታ መሃል ቢሮ ሲደወልልኝ "ዝም በሉ፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው" ብለው ቤቱን ያስከብሩልኛል። እትዬ አልማዝም "እራት ሳትበላ አትሄድም" ማለት ጀመሩ።

ያኮረፈችኝ ማህሌት ብቻ ነበረች። አንድ ቀን መሸት ሲል ስትሸኘኝ በሩ ላይ አቆመችኝ።

"እኔን ብታጣኝስ ኖሮ? ለዳማ ብለህ?"

"ማህሊዬ፣ ብነካው ኖሮ አባትሽን ባየሁ ቁጥር እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀው ነገር ይኖር ነበር። ሲስቁ ባየሁ ቁጥር። እስከ መቼ እችለዋለሁ?"

ትንሽ አሰበች። "ይሄን ያኔውኑ ብትለኝ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ባላኮረፍኩ።"

"ያኔ እኔም አልገባኝም ነበር" አልኳት። ሳቀች። እጄን ይዛ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችኝ።

እሁድ ሽማግሌዎቼ እንደገና ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አጎቴ ደግሞ በዚህኛው "የኮምፒዩተር ዘበኛ" የሚለውን ቃል ሲለማመድ አድሮ፣ በሩን አንኳኩ። የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። ጋሽ አበራ ከስክሪኑ ሳይነቀሉ፣ "ምነው፣ ምን ጎደለ?" አሉ።

"ለመልሱ ነው የመጣነው" አለ አጎቴ።

"የምን መልስ? ልጁ ሳምንቱን ሙሉ እዚህ አይደል እንዴ የዋለው? ግቡና ተቀመጡ፣ ጨዋታ አታበላሹ!"

እነሆ ተጋባን። ሥራ አስኪያጁ ከጉዟቸው ሲመለሱ ጠርተውኝ ነበር። እባረራለሁ ብዬ ዕቃዬን ሁሉ በካርቶን ሰብስቤ ነው የገባሁት። ለረጅም ጊዜ አዩኝና "ያንን ስም ለማን ነገርክ?" አሉኝ። ለማንም አልኳቸው። "ወደ ሥራህ ተመለስ" አሉኝ፣ በቃ።

ማሽኑን አልሸጥኩትም። "ሥራህና ጨዋታህ እንዴት ይስማማሉ?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔም እስከዚያ እሁድ ድረስ አይስማሙም ባይ ነበርኩ። አንዱን ከሌላው እየደበቅኩ፣ ቢሮ ስሆን ባለማሽኑን፣ ማሽኑ ጋ ስሆን የቢሮውን ሰው እያፈርኩበት ኖሬያለሁ። ጣቴ ዜሮ ላይ አርፋ እምቢ ስትል ግን የትኛው ነው እምቢ ያለው? ጥበቃው ነው ወይስ ባለዳማው? እስከ ዛሬ ልለያቸው አልቻልኩም። ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የማሽኔ ነው፣ ማህሌትም ታውቃለች፣ ቢሮም ያውቃል። ስልኬ ከጮኸ አነሳለሁ፣ ካልጮኸ አልነካትም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ለሰው የማትናገሩት እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ለምትወዱት ሰው ንገሩት። ሽማግሌ የምትልኩ ደግሞ ካላችሁ፣ ሥራችሁን በሁለት ቃል አስጠኗቸውና ደግመው እንዲሉት አድርጉ። በተለይ ድምፁ ከፍ የሚለውን።